ቁልፍ የሚቀፈው ልጅ

የበር ቁልፍ እንዳይመስላችሁ። የማወራው ስለ ሸሚዝ ቁልፍ ነው። ያቺ አራት ቀዳዳ ያላት፣ ተነቅላ ስትወድቅ ሶፋ ሥር ተንበርክከን የምንፈልጋት።

አንድ የ9 ዓመት ልጅ እሷን መንካት አቅቶት ነበር። እሷ የነካችውን ነገር መንካትም አቅቶት ነበር። እናቱ ይዛው ወደ ባለሙያ ሄደች። ቦታው አሜሪካ፣ ማያሚ ነው። ልጁን ያየው በፍሎሪዳ ኢንተርናሽናል ዩኒቨርሲቲ ያለ፣ የልጆች ጭንቀትና ፎቢያ (ከልክ ያለፈ ፍርሃት) ላይ የሚሠራ ክሊኒክ ነው። ሊሴት ሳቬድራ እና ዌንዲ ሲልቨርማን የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ጉዳዩን ጽፈው እ.ኤ.አ. በ2002 አወጡት። የልጁን ስም አልጻፉም። እኔም «ልጁ» እያልኩ እቀጥላለሁ።

ይህን ጉዳይ ከሌሎች ለይቼ የማነሳው ሕክምናው መሃል ላይ ስለተንገዳገደ ነው። ሁሉም ነገር እንደ ደንቡ ተሠራ። ልጁም የተባለውን አደረገ። ግን ባሰበት። ባለሙያዎቹ «ለመሆኑ የምናክመው ፍርሃት ነው?» ብለው እንደገና መጠየቅ ነበረባቸው። ወላጆችም፣ አስተማሪዎችም፣ እንደኔ የራሳቸው ጉድ ያለባቸው ትልልቅ ሰዎችም ከዚህች ጥያቄ የሚያገኙት ነገር አለ።

ነገሩ የጀመረበት ቀን

ልጁ 5 ዓመቱ ነበር። መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ የእጅ ሥራ እየሠሩ ነው። ካርቶን ላይ ቁልፍ ይለጥፋሉ። የእሱ ቁልፍ አለቀ። መምህሯ ጠረጴዛ ላይ ቁልፍ የሞላበት ትልቅ ጎድጓዳ ሳህን አለ። ወደ ፊት ወጥተህ ውሰድ ተባለ። ወጣ። እጁን ሰደደ። እጁ አዳለጠውና ሳህኑ ውስጥ የነበረው ቁልፍ በሙሉ ላዩ ላይ ተዘረገፈ።

በቃ፣ ታሪኩ ይኸው ነው። ያን ሰሞን ሌላ የሚያስጨንቅ ነገር ደርሶ እንደሆነ ተጠይቀው ልጁም እናቱም ምንም አልነበረም ብለዋል።

ለትልቅ ሰው ይህ ተስቆበት የሚረሳ ነገር ነው። በ5 ዓመት ልጅ ቁመት ሆናችሁ እዩት እስቲ። ክፍሉ ሁሉ ያያችኋል። ብቻችሁን ፊት ወጥታችኋል። ድንገት ከላይ የሆነ ቀዝቃዛ፣ ልሙጥ፣ ብዛቱ የማይታወቅ ነገር ይወርድባችኋል።

«እባብ ያየ በልጥ በረየ» ይላሉ አበው። የዘመኑ ሥነ ልቦና እ.ኤ.አ. ከ1920ዎቹ ጀምሮ በሙከራ ያሳየው ነገር ከዚህ ብዙም አይርቅም። አንድ ነገር ከድንጋጤ ጋር አንዴ ከተጣበቀ፣ እሱን የሚመስለው ሁሉ ያስደነግጣል። ልጁ ላይ የሆነው ግን ወዲያው አልነበረም። መጀመሪያ ላይ ያን ያህል አልተቸገረም። ቁልፍን መራቅ ጀመረ። የሚርቀው ቁልፍ ከዓመት ዓመት እየበዛ ሄደ። ክሊኒክ ሲደርስ ነገሩ 4 ዓመት ሆኖታል።

ሽሽት እንዲህ ነው። ስትሸሽ ቅልል ይልሃል። ያቺ ቅልል ያለችህ ነገር ለሚቀጥለው ሽሽት ደሞዝ ትከፍልሃለች። ከቁልፉ ጋር ተቀምጠህ «ምንም አላደረገኝም» የምትልበት ዕድል ደግሞ በየቀኑ ያመልጥሃል።

ችግሩ የደረሰበት

ልጁ ራሱን ችሎ መልበስ አልቻለም። የትምህርት ቤቱ ዩኒፎርም ቁልፍ አለው። ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ሐሳቡ ሁሉ ዩኒፎርሙን ላለመንካት ነው። ሸሚዙ የነካውንም ነገር ላለመንካት ይጠነቀቃል። እንዲህ እየተጠነቀቀ ሒሳብ ይማራል ማለት ዘበት ነው። ከትምህርት ቤት ውጭ ቁልፍ ያለው ልብስ አይለብስም። ሌላ ሰው የለበሰው ቁልፍም እንዳይነካው ይሸሻል።

ሌላ ሰው ሲባል እናቱም አለችበት። እናቱ ቁልፍ ያለው ልብስ ከለበሰች ማቀፍ ይከብደዋል። እኔን ጉዳዩ ውስጥ ያስገባኝ ይህ ነው። ስለ ሸሚዝ መስሎኝ ማንበብ ጀምሬ ስለ እናት ሆነብኝ።

እዚህ ጋ «ታዲያ ቲሸርት አታለብሰውም ነበር?» የሚል አይጠፋም። አልብሳዋለች። ችግሩም አንዱ እሱ ነው። ቤተሰብ በደግነት መንገዱን በጠረገ ቁጥር ልጁ የሚራመድበት መንገድ እየጠበበ ይሄዳል። እናቲቱን ግን አልወቅስም። ልጇ ጠዋት ጠዋት እያለቀሰ ቁልፍ ያለው ልብስ ካልለበስክ የምትል እናት ማን ናት?

መጀመሪያ የተለየው ነገር

ከልጁም ከእናቱም ጋር ሥርዓት ባለው ቃለ መጠይቅ ተነጋገሩ። ውጤቱ «ስፔሲፊክ ፎቢያ» የሚባለው ሆነ፤ በአንድ በተለየ ነገር ላይ ብቻ ያረፈ ፎቢያ ማለት ነው። ይህ ስም እንዲሰጥ መፍራት ብቻ አይበቃም። ፍርሃቱ ከነገሩ አደጋ ጋር የማይመጣጠን መሆን አለበት። ነገሩ በመጣ ቁጥር ማለት ይቻላል ፍርሃቱም መምጣት አለበት። ቢያንስ ለ6 ወር መቆየት አለበት። ከሁሉ በላይ ኑሮን ማሰናከል አለበት። እባብ የምትፈራ ግን አራት ኪሎ ኮንዶሚኒየም የምትኖር ሴት ሐኪም ቤት የሚያስኬዳት ነገር የለም።

ባለሙያዎች እነዚህን ፎቢያዎች በአምስት ይመድቧቸዋል። እንስሳ፣ የተፈጥሮ ነገር (ከፍታ፣ መብረቅ፣ ውሃ)፣ ደምና መርፌ፣ ሁኔታ (ሊፍት፣ አውሮፕላን)፣ አምስተኛው ደግሞ «ሌላ» የሚባለው ነው። ቁልፍ «ሌላ» ውስጥ ነው የሚገባው። ኢንተርኔት ላይ «ኩምፑኖፎቢያ» የሚል ስም ታገኙለታላችሁ። ለወሬ ያምራል። በይፋዊው የምርመራ መመሪያ ውስጥ ግን የለም፤ ሕክምናውንም አይለውጠውም።

አንድ መለየት ያለበት ነገር ነበር። «ቁልፍ የነካውን አልነካም» የሚል ልጅ ሲመጣ ጠንቃቃ ባለሙያ ስለ እጅ መታጠብ፣ ስለ መደጋገም፣ በጭንቅላት ውስጥ ስለሚመላለስ ሐሳብ ይጠይቃል። ያ ኦሲዲ የሚባል ሌላ ሕመም ነው። ሕክምናውም የራሱ ነው። ራሱን በኢንተርኔት የመረመረ ሰው ብዙ ጊዜ የሚስተው እዚህ ነው።

የመጀመሪያው ዙር፦ መሰላሉ

ለፎቢያ በጣም የተፈተነው ሕክምና በጥቂት በጥቂቱ መጋፈጥ ነው። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1924 ሜሪ ከቨር ጆንስ የተባለች አሜሪካዊት ጥንቸል የሚፈራ የሦስት ዓመት ያልሞላው ሕፃን እንዴት እንደረዳች ጽፋለች። ሕፃኑ የሚወደውን ምግብ እየበላ ጥንቸሏ በሽቦ ቤቷ ሆና ከሩቅ ትቀመጣለች። ቀን በቀን ትንሽ ትንሽ ትጠጋለች። በመጨረሻ ሕፃኑ እየዳበሳት ይጫወት ጀመር።

ለቁልፉ ልጅም 11 ደረጃ ያለው መሰላል ተሠራ፤ ከቀላሉ ወደ ከባዱ የተደረደረ ዝርዝር ማለት ነው። ልጁ ለእያንዳንዱ ደረጃ ከ0 እስከ 8 ነጥብ ሰጠ። 0 ምንም አይመስለኝም ማለት ነው። 8 ከዚህ የባሰ የለም።

መሰላሉ ራሱ ይነበባል። የጂንስ ትልቁ ቁልፍ 2 ነበር። ትንሹ የጂንስ ቁልፍ 3። ትልልቅ የፕላስቲክ ቁልፎች 4። ትልልቅ የፕላስቲክ ቁልፍ የለበሰች እናቱን ማቀፍ 5። መካከለኛ የፕላስቲክ ቁልፎች 5 እና 6። መካከለኛ ቁልፍ የለበሰች እናቱን ማቀፍ 7። ጫፉ ላይ፣ 8 ያገኙት፣ ትንንሾቹ የፕላስቲክ ቁልፎች ናቸው። ባለቀለሙም፣ ብርሃን የሚያሳልፈውም። ያው ተራ ሸሚዝ ላይ ያለው ማለት ነው።

አንድ ነገር አስተዋላችሁ? ቁልፉ ባነሰ ቁጥር ነጥቡ ይጨምራል። ውሻ የሚፈራ ሰው ከቡችላ ይልቅ ትልቁን ውሻ ይፈራል። ከፍታ የሚፈራ ከአንደኛ ፎቅ ይልቅ አሥረኛው ይብስበታል። እዚህ ግን ተገልብጧል። ትንንሽ፣ ልሙጥና ብዙ የሆነ ነገር ሰውነትን ምን እንደሚያደርግ ቅማል ወይ ትል ያየ ሰው ያውቃል። መልሱ መሰላሉ ላይ ተጽፎ ነበር ብዬ አስባለሁ። ካለቀ በኋላ ማወቅ ቀላል ነው በሉኝና እለፉኝ።

ሥራው እንዲህ ነበር። ልጁ ከቴራፒስቱ ጋር ለብቻው ይሠራል። ከዚያ እናቱ ትገባለች። አንድ ደረጃ በወጣ ቁጥር እናቱ የሚወደውን ነገር ትሸልመዋለች። አስቀድመው የተስማሙበት ሽልማት ነው። ይህ 4 ጊዜ ተደረገ።

እጁ እሺ አለ፣ ሆዱ እምቢ አለ

ልጁ ጎበዝ ነበር። ከቀን ወደ ቀን ብዙ ቁልፍ ይነካል። ወደ ከባዶቹ ይወጣል። ከውጭ ለሚያየው ሰው ድኗል። ቁልፍ ቆጥሮ ሪፖርት የሚጽፍ ሰው ቢሆን እዚያው ላይ ፋይሉን ዘግቶት ነበር።

እነሱ ግን ከመንካቱ ጋር ስሜቱንም እየጠየቁት ነበር። «አሁንስ ስንት ነው?» መልሱ መውረድ ሲገባው ወጣ። ቀድሞ መካከለኛ ነጥብ ሰጥቷቸው የነበሩ አንዳንድ ደረጃዎች ጭራሽ ከበፊቱ የባሰ ነጥብ ይዘው መጡ። እጁ ወደ ቁልፉ እየቀረበ ነው። ውስጡ እየራቀ ነው።

ይህን ለማየት ብዙ መሣሪያ አላስፈለገም። አንዲት ቁጥር በቂ ነበረች። ግን ያችን ቁጥር መጠየቅና መልሱ ሲያስቀይም አለመደበቅ ያስፈልጋል። ብዙዎቻችን ልጅ አንዴ እሺ ካለን በኋላ «እንዴት ነው?» ብለን አንጠይቅም። እምቢ እንዳይል ፈርተን ነው።

ፈራሁ፣ ቀፈፈኝ፣ ሰቀጠጠኝ

«ፎቢያ» የሚለው የግሪክ ቃል ሁሉንም ፍርሃት ውስጥ ይከተዋል። አማርኛ እዚህ ላይ ሀብታም ነው። አንበሳ ያስፈራል። በረሮ ይቀፋል። የተተፋ ነገር ያስጸይፋል። ጥፍር ሰሌዳ ላይ ሲጎተት ይሰቀጥጣል። አደጋ የደረሰበት ሰው ቁስል ይዘገንናል። አምስት ቃል፣ አምስት ሰውነት። ፈሪ ልቡ ይመታል፣ እግሩ ለሩጫ ይዘጋጃል። የቀፈፈው ሰው ፊቱን ያኮማትራል፣ አፍንጫውን ይሰበስባል፣ ሆዱ ይገለበጣል፣ እጁን ልብሱ ላይ ይጠርጋል።

እኔ ባዘቶ ይሰቀጥጠኛል። አያቴ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብላ እንዝርቷን ስታሾር እኔ ከግቢው ማዶ ነበርኩ። ጣቷ መሃል ያለው ጥጥ ሲሳሳብ የሚሰማኝን ነገር እስካሁን በትክክል መግለጽ አልችልም። ጥርሴን ያጠርሰኛል። «አንተ ልጅ፣ ጥጥ እኮ ነው! ምን ያደርግሃል?» ትለኝ ነበር። ምንም እንደማያደርገኝ አውቃለሁ። ጥጥ ይነክሰኛል ብዬ አላውቅም። ለዚህ ነው የአያቴ ጥያቄ መልስ ያልነበረው። የጠየቀችኝ የፍርሃትን ጥያቄ ነው። የኔ ነገር ፍርሃት አልነበረም።

ልዩነቱ ሕክምና ላይ ምን ያመጣል? ፍርሃት በውስጡ ትንበያ አለው። «ውሻው ይነክሰኛል።» ውሻው አጠገብ ትቀመጣለህ፣ አይነክስህም፣ ትንበያው ውድቅ ይሆናል። መጋፈጥ የሚሠራበት አንዱ መንገድ ይኸው ነው። መጸየፍ ግን ስለ ነገ ብዙም አይናገርም። «ይህ ነገር ቆሻሻ ነው» ይላል፣ አሁን። ውድቅ የሚሆን ትንበያ ከሌለ ነገሩን ደጋግሞ መንካት ብቻውን ቶሎ አይለውጠውም። እንዲያውም በደንብ ባልታጠበ ብርጭቆ ደጋግሞ እንደመጠጣት ሊሆን ይችላል።

ደግሞም መጸየፍ በንክኪ ይተላለፋል። ፖል ሮዚን የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጡት ጥናት ጀርሞቹ በሙሉ የተገደሉለትን የሞተ በረሮ ወስደው ጭማቂ ውስጥ ነክረው አወጡ። ሰዎች ጭማቂውን መጠጣት አልፈለጉም። ንጹህ ነው ቢባሉም ያው። ወተት ውስጥ ዝንብ ወድቃ ስትወጣ የሚሆነውን የሚያውቅ ሰው ይህን ለማመን ጥናት አያስፈልገውም። አሁን ወደ ልጁ እንመለስ። ሸሚዙ የነካውን ነገር አልነካም ነበር የሚለው። አንበሳ የነካውን ወንበር የሚፈራ ሰው የለም። በረሮ የሄደበትን እንጀራ ግን ማን ይበላል?

ሁለተኛው ዙር፦ ምኑ ነው የሚቀፍህ?

ባለሙያዎቹ ከልጁ ጋር ቁጭ ብለው ጠየቁት። መልሱ ሁለት ነገር ሆነ። አንደኛ፣ ቁልፍ ገላውን ሲነካው ይቀፈዋል። ሁለተኛ፣ ቁልፍ መጥፎ ይሸታል። ሽታ! አራት ዓመት ሙሉ ስለ ቁልፍ ሲወራ ሽታ ይነሳል ብሎ የሚጠብቅ ሰው ያለ አይመስለኝም። ልጁ ግን ያውቀዋል።

ከዚያ በኋላ 7 ጊዜ በሌላ መንገድ ሠሩ። ዓይንን ጨፍኖ በሐሳብ መሳል ነው። በመቶ የሚቆጠሩ ቁልፎች ላዩ ላይ ሲወርዱ ያስባል። ምን ይመስላሉ? ገላህ ላይ ሲያርፉ ምን ይሰማሃል? ምን ይሸታሉ? ከትልልቆቹ ጀምሮ ወደ ትንንሾቹ ይሄዳል። ጎን ለጎን ስለ ቁልፍ የሚያስበውን ሐሳብ እየፈተሹ ይነጋገሩበታል።

የሐሳቡ ምስል ከየት እንደመጣ አያችሁ? ያቺ የመምህሯ ሳህን ናት። በ5 ዓመቱ ሳይፈልግ የወረደበት ነገር በ9 ዓመቱ ፈልጎ፣ ሰው አጠገቡ ተቀምጦ፣ አቁም ማለት እየቻለ እንደገና ወረደበት።

ቁጥሮቹ እነሆ። በመቶ የሚቆጠሩ ቁልፎች ላዩ ላይ ሲወርዱ ማሰብ ሲጀምሩ 8 ነበር። መሃል ላይ 5 ሆነ። ሲጨርሱ 3። ብዙ ቁልፍ የለበሰች እናቱን ማቀፍ ከ7 ተነስቶ ወደ 4፣ ከዚያ ወደ 3 ወረደ። በመጀመሪያው ዙር እጁ ብቻ ነበር የተንቀሳቀሰው። አሁን ቁጥሩም ተከተለ።

ከ6 ወርና ከአንድ ዓመት በኋላ

ከ6 ወር በኋላ አዩት። ከ12 ወር በኋላም አዩት። ሁለቱንም ጊዜ ፎቢያ የሚለውን ስም የሚያሰጥ ነገር አልተገኘበትም። መሰላሉ ጫፍ ላይ የነበሩት፣ 8 ያገኙት፣ ትንንሾቹ ብርሃን የሚያሳልፉ ቁልፎች ያሉበትን ዩኒፎርም በየቀኑ ይለብስ ነበር። ትንሽ ቢጎረብጠው ነው እንጂ አይጨነቅም።

የወረደው ወደ 3 ነው፤ ወደ 0 አልወረደም። ቁልፍ ወዳጅ አልሆነም። መሆንም አልነበረበትም። ሸሚዝ ለብሶ ሒሳብ መማር ነበረበት።

ወደ ሌላ ቤት የሚወሰደው

ትልቁ ነገር የቃሉ ነው። ልጅ «እፈራለሁ» ሲል ብዙ ጊዜ ያን ቃል ያስተማርነው እኛ ነን። «ፈራህ እንዴ?» ስንለው «አዎ» ይላል። ሌሎቹን ቃላት አቅርቡለት። ያስፈራሃል ወይስ ይቀፍሃል? ቢነካህ ምን ትሆናለህ? ይነክስሃል፣ ያምሃል ወይስ ያቅለሸልሽሃል? ይሸታል? ከነካህ በኋላ እጅህን መታጠብ ትፈልጋለህ ወይስ መሮጥ? ፊቱንም እዩ። አፍንጫው ከተሰበሰበ ከአፉ ይልቅ አፍንጫውን እመኑ።

ሁሉም ፎቢያ በአንድ ቁልፍ እንደማይከፈት (ይቅርታ፣ ቃሉ ራሱ መጣ) ሌላ ማስረጃ ልጨምር። አብዛኛው የሚፈራ ሰው ልቡ ይፈጥናል፣ ደም ግፊቱ ይጨምራል። ደምና መርፌ የሚፈሩ ብዙ ሰዎች ግን መጀመሪያ ይጨምርባቸውና ወዲያው ደም ግፊታቸው ወርዶ ይወድቃሉ። እነሱን «ተረጋጋ፣ ሰውነትህን ልቀቅ» ማለት ይበልጥ ይጥላቸዋል። ስዊድናዊው ላርስ ዮራን ኦስት የሠራበት ዘዴ ተቃራኒውን ያዛል። የእጅ፣ የእግርና የሆድ ጡንቻን ለአጭር ጊዜ ጥብቅ አድርጎ መልቀቅ፣ እንደገና ማጥበቅ። ደም ወደ ጭንቅላት እንዲመለስ ነው። ስሙ ፎቢያ የሆነ ሁሉ አንድ መድኃኒት የለውም።

ቁጥር ጠይቁ። ከ0 እስከ 8 መሆኑ ምሥጢር የለውም። ለትንሽ ልጅ የእጅ ጣት ይበቃል። የሚያደርገውንና የሚሰማውን ለየብቻ ያዙት። ሁለቱ አብረው ካልሄዱ ቆም በሉ።

ከቤታችን ልማድ ሁለቱን ባናደርጋቸው እመርጣለሁ። አንደኛው ድንገት ማስደንገጥ ነው። «ካየው ይለምደዋል» ብሎ የሚጠላውን ነገር ኪሱ ውስጥ መክተት፣ ጭኑ ላይ መወርወር። ቁልፉም የጀመረው ድንገት በመዘርገፍ ነው። መሰላሉን የሚሠራው ልጁ ነው፤ የሚወጣውም እሱ ነው። ሁለተኛው ደካማ ጎኑን ማስፈራሪያ ማድረግ ነው። «ካልበላህ ጅብ ይመጣል» ለምደናል። «ካልበላህ ቁልፍ አመጣልሃለሁ» የሚል ታላቅ ወንድም በየቤቱ አይጠፋም። ያን ወንድም አደብ ማስያዝ ራሱ ግማሽ ሕክምና ነው።

ሽልማት አይናቅ። ብቻውን አላዳነውም እንጂ ልጁን ወደ ቁልፉ ያቀረበው እሱ ነው። የሐሳብ ምስሉን ሥራ ግን ቤት ውስጥ በራሳችሁ አትሞክሩት። በመቶ የሚቆጠር ቁልፍ በሐሳቡ ላይ አዝንቦ መሃል ላይ ስልክ ለማንሳት መውጣት ነገሩን ይብስ ሊተክለው ይችላል።

ለማጋነን የማይመቸው

ይህ የአንድ ልጅ ታሪክ ነው። ሁለተኛው ዙር የመጣው ከመጀመሪያው በኋላ ነው። ያለ መጀመሪያው ሁለተኛው ብቻውን ይሠራ ነበር ወይ? ከአንድ ልጅ ይህን ማወቅ አይቻልም። ምናልባት መሰላሉ መንገዱን ጠርጎለት ይሆናል። ምናልባት የመጀመሪያው ዙር ትንሽ ቢረዝም ቁጥሩ በራሱ ይወርድ ነበር። እኔ ወደ መጸየፉ አደላለሁ፤ ምክንያቴንም ጽፌአለሁ። ግን ማድላት ነው።

አያቴን ባለፈው ሰሞን ልጠይቃት ሄጄ ነበር። እንደ ልማዷ ደጃፍ ላይ ናት። ሳቅፋት ትከሻዋ ላይ የባዘቶ ብናኝ ተጣብቆ ነበር፣ አገጬ ሥር። «ምነው ቶሎ ለቀቅከኝ?» አለች። ተመልሼ አቀፍኳት። ከ8 ስንት ብባል መጀመሪያ 6፣ ሁለተኛው ላይ 5።